በሐሰት ስለሚለጠፍባቸው ሳሙናዎችና መድኃኒቶች

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ሐሰተኛ ስም የተለጠፈባቸውን መድኃኒቶችና ሳሙናዎች ከገበያ መሰብሰባቸው የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን በየካ ክፍለ ከተማ የኬሚስትሪ መምህር እንደመሆኔ መጠን ሥራው ከእኩሌታው ላይ የቆመ መስሎ ስለታየኝ፥ ይህን አስተያየቴን እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ከተማሪዎቼ አንዷ ከሾላ ገበያ የተገዛ ሳሙና አምጥታ አሳየችኝ። በላዩ «ለማድያትና ለቡግር ፍቱን መድኃኒት» የሚል የአማርኛ ወረቀት ተለጥፎበታል። ወረቀቱን ስንልጠው ከሥሩ በእንግሊዝኛ «ወርቅና ብር አያስነኩ» የሚል ማስጠንቀቂያ ተገኘ። ፊት የሚታጠቡበት ሳሙና ወርቅን የሚፈራው ለምንድን ነው? ባዜቃ፥ ማለት ሜርኩሪ፥ ወርቅን ሲነካ ከወርቁ ጋር ስለሚዋሐድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው ቆዳ ለማንጣት ከሚሸጡት ሳሙናዎች አንዳንዶቹ ከመቶ ከ1 እስከ 3 እጅ የሜርኩሪ አዮዳይድ አለባቸው፤ ይህም ኩላሊትን ይጎዳል። እንግዲህ የአማርኛው ወረቀት የተለጠፈው ለማስረዳት ሳይሆን ለመሸፈን ነው።

ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ዳር ደግሞ በውሀ ጠርሙስ የተሞላ ጭማቂ «የስኳር፥ የደም ግፊትና የኩላሊት መድኃኒት» እየተባለ ሲሸጥ አያለሁ። (በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የክሊኒካችን ነርስ ስም ያልተጻፈበትን ጠርሙስ ሁሉ ትደፋ ነበር፤ ይህኛው ግን ስም በዝቶበታል።) እኔን የሚያሰጋኝ ቅጠሉ ብቻ አይደለም፤ በሽተኛው እሱን ተማምኖ ኢንሱሊኑን መተዉ ነው። እንዲህ ያለው ነገር በዚሁ ተራራ ላይ ታይቷል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ሲሰጥ፥ ለጸበል ወደ እንጦጦ ማርያም ከወጡት መካከል መድኃኒቱን የተዉ ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ጸበሉ አልተነቀፈም፤ በሽተኛውም ከሁለት አንዱን ምረጥ አልተባለም።

የአገር መድኃኒት ሁሉ ማታለያ ነው ማለቴም አይደለም። እናቶቻችን ልብስ የሚያጥቡበት እንዶድ የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ያስተዋሉት፥ ሴቶች ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ የሞተ ቀንድ አውጣ አይተው ነው። ግን አይተው በጠርሙስ መሸጥ አልጀመሩም፤ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓመታት የፈጀ ምርመራ አደረጉ።

ስለዚህ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሁለት ነገር ቢያደርግልን እወዳለሁ። አንደኛ፥ የተያዙትን ሳሙናዎች ስምና በምርመራ የተገኘባቸውን ነገር በአማርኛ ጽፎ በየወረዳው፥ በየትምህርት ቤቱና በገበያው በር ይለጥፍ፤ ተማሪዬ ያን ጊዜ እኔን መጠየቅ አያስፈልጋትም። ሁለተኛ፥ አሥር ሳሙና መሬት ላይ ዘርግታ ልጆቿን የምታሳድገውን ሴት ብቻ ከማባረር ይልቅ ያን የአማርኛ ወረቀት ማን እንዳተመው ይመርምር። ወረቀቱ በማተሚያ ቤት የታተመ እንጂ በእጅ የተጻፈ አልነበረም።

አክባሪዎ
አንድ መምህር፥ ከየካ