ጠረጴዛው ይታጠፍ

በማኅበራችን ሥር ያለው የሮቦት ቡድን የመለማመጃ ጠረጴዛ እንዲሠራለት ያቀረበው ጥያቄ ባለፉት ሳምንታት በመኝታ ቤቱም በምግብ አዳራሹም ብዙ ክርክር አስነሥቷል። ጠረጴዛ ማስፈለጉን የካደ የለም። ክርክሩ በቤተ ሙከራው ውስጥ ተተክሎ ይቅር ወይስ ታጥፎ የሚጓዝ ይሁን በሚለው ላይ ነው። የማኅበሩ ገንዘብ ለአንድ እንጂ ለሁለት ስለማይበቃ አንዱን መምረጥ ግድ ነው። እኛ የሚታጠፈውን እንደግፋለን።

ጉዳዩን በቅርብ ለማያውቁ አንባቢያን ጥቂት እናስረዳ። «ፈርስት ሌጎ ሊግ» በሚባለው የተማሪዎች ውድድር ትንሿ ሮቦት ከመነሻዋ ከወጣች በኋላ ያለ ሰው እጅ የታዘዘችውን ትሠራለች፤ የተሰጣትም ጊዜ ሁለት ደቂቃ ተኩል ብቻ ነው። ሜዳው በየአገሩ አንድ ልክ ነው፤ ርዝመቱ 236 ሳንቲ ሜትር፥ ወርዱ 114 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ዙሪያው በዝቅተኛ ጠርዝ ይታጠራል። ሮቦቷ ርቀትን የምትለካው በአብዛኛው የመንኰራኩሯን ዙር በመቍጠር ስለሆነ፥ በተቦረቦረ የሲሚንቶ ወለል ላይ የሰለጠነች ሮቦት በውድድሩ ቀን መንገዷን ትስታለች። ተደግፋ የምትቃናበትም ጠርዝ በወለሉ ላይ አታገኝም።

የሚታጠፍ ጠረጴዛ ይወላገዳል የሚሉት መምህሮቻችን ከንቱ ነገር አልተናገሩም። በመካከሉ ባለው መጋጠሚያ አንዱ ወገን ከሌላው በአንድ ሚሊ ሜትር ከፍ ቢል ትንሿን ጎማ ያናውጣታል። ግን መድኃኒት አለው። በሱቅ የሚሸጠው ኮምፔንሳቶ 244 በ122 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ አንዱ ጣውላ ለሜዳው ልክ ይበቃል፤ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ቢሆን ክብደቱ 20 ኪሎ ገደማ ነው። ከመካከሉ ተቆርጦ ለየግማሹ ከሥሩ የሞራሌ ክፈፍ ይመታለታል። ማጠፊያው በጠርዙ አናት ላይ ይሁን፤ በሜዳው ልክ ከተመታ ሁለቱ ጠርዞች ተጋጭተው አይታጠፍም። እንዲህ ከሆነ ጠረጴዛው እንደ መጽሐፍ ይከደናል፥ ሜዳውም በውስጥ ተጠብቆ ይቀራል። ሲዘረጋ ሁለቱን ክፈፎች ከሥር በቡሎንና በዳዶ ማጥበቅ ነው። እግሮቹ ተነቃይ ሆነው ከቱቦላሬ ብረት ቢሠሩ ምስጥ አይነካቸውም። ቺፑድ በርካሽ ይገኛል የሚል አለ፤ ቺፑድ ግን የጋምቤላን አንድ ክረምት ቀምሶ ካበጠ ወደ ልኩ አይመለስም። ቀለሙም በሁለቱም ፊት ይቀባ፤ በአንድ ፊት ብቻ የተቀባ ጣውላ ይጎብጣል።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምንድር ነው? አዲስ አበባ ከእኛ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በሰኔ 2010 ዓ.ም. ሶፊያ የተባለችው ሮቦት አዲስ አበባ በመጣች ጊዜ (ከሻንጣዎቿ አንዱ በመንገድ ጠፍቶ እንደ ነበር አንባቢ ያስታውሳል) በእርሷ ሶፍትዌር ሥራ የአገራችን ልጆች የአይኮግ ላብስ ባለሙያዎች እጃቸው እንዳለበት ሰምተን ኰርተናል። የኢታንግና የአቦቦ ተማሪ ግን ይህን በስልክ መስኮት አየ እንጂ በጣቱ የነካው ነገር የለም።

«ወደ ግቢያችን መጥተው ይለማመዱ» ማለት ይቀላል። በሰኔ 2014 ዓ.ም. በከተማችን ውጊያ የደረሰ ጊዜ የነበረ ሰው፥ አንድ ልጅ ከሰፈሩ ወደ ሌላው ሰፈር ለመሻገር ሲፈራ ምን እንደሚመስል ያውቃል። በሰላሙም ቀን ቢሆን ወላጅ ልጁን ከማያውቀው ሰፈር አይልክም። ኑዌሩም፥ አኙዋኩም፥ ማጃንጉም፥ ከደጋ የመጣውም ልጅ በየትምህርት ቤቱ ይገኛሉ፤ ታጥፎ ውፍረቱ ከ30 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ጠረጴዛ በማናቸውም በር በጎኑ ገብቶ ይዘረጋላቸዋል። አራት ተማሪዎች ይሸከሙታል፥ ራቅ ሲል አይሱዙ ይጭነዋል። የተተከለው ጠረጴዛ በበኩሉ የሚያገለግለው የቤተ ሙከራው ቁልፍ በተገኘ ሰዓት፥ ቀድሞውንም ግቢ ለገባነው ለእኛ ብቻ ነው።

የማኅበሩ ጉባኤ በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ ይሰጥበታል። ንድፉ ከነልኩ በቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ተለጥፏል። የማጠፊያው ነገር ገና ብዙ ዓይን ይፈልጋል፤ የተሻለ ዘዴ ያለው ተማሪም ሆነ መምህር በእርሳስ ያርምበት።