ያጣነው አለንጋውን ነው ወይስ ጎረቤቱን?

«እዚህ አገር ልጅ መቅጣት ስለማይቻል ልጆቻችን ባለጌ ሆኑብን» የሚለው እሮሮ በየለቅሶውና በየክርስትናው ይሰማል። ወገኖቼ፣ እውን ምክንያቱ እሱ ነውን?

ወላጅ ልጁን በመጠኑ መምታቱን በደፈናው የሚከለክል ሕግ ያለው አንድም የአሜሪካ ስቴት የለም፤ የሚያስጠይቀው ጉዳት ማድረስ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1977 (በፈረንጅ አቆጣጠር፤ ሌሎቹም እንዲሁ) የትምህርት ቤት ዱላን ሕገ መንግሥቱ አይከለክልም ብሎ ፈርዷል። ከዓለም ቀድማ በቤትም የከለከለችው ስዊድን ናት፤ እሷም በ1979 ነው። በአንጻሩ ባገራችን የ1995ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ተማሪን መግረፍ ከልክሏል። እኛ «ባህላችን» እያልን የምንናፍቀውን አለንጋ አገር ቤት፣ በወረቀት ብቻም ቢሆን፣ ጥሎታል።

ልጅነት ራሱስ ቢሆን መቼ አንድ ሆኖ ያውቃል? የ1960ው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጃገረድ በ15 ዓመቷ እንድትዳር ይፈቅድ ነበር፤ የ2000ው የቤተሰብ ሕግ 18 አደረገው። ያቺው የ16 ዓመት ልጅ በአንዱ ሙሽራ፣ በሌላው ሕፃን ናት።

እኛን ያረመን አለንጋ ብቻ አልነበረም። ባለሱቁ «የማን ልጅ ነህ?» ይላል፤ የጎረቤት እማማ ካጠፋህ ትቆጣለች፣ ከራበህ ታጎርሳለች። ነውርን ያወቅነው ከዚያ ሁሉ ዓይን ነው። እዚህ አባት ታክሲ ላይ፣ እናት የሌሊት ሥራ ላይ ናቸው፤ ልጁ ደግሞ ካፓርታማው ውስጥ ከስልኩ ጋር። የጎደለው ዱላ ነው ትላላችሁ?

ከሰፈራችን ይዘነው ባንመጣ የሚሻለን ነገርም አለ። ታላቅ ሲናገር ዓይኑን ሰብሮ ዝም የሚል ልጅ ለእኛ ጨዋ ነው። እዚህ አስተማሪዋ ዓይን ዓይኗን ስላላያት ትጠረጥረዋለች፤ ይህስ በማስረዳት ይፈታል። ነገር ግን ለታላቅ መልስ እንዳይሰጥ የተማረ ልጅ፣ አንድ ታላቅ ያላግባብ ቢነካው ለማን ይናገራል? «ገመናችን አይውጣ» ብለን የምንሸፍነው እኮ ሰውየውን ነው፣ ልጁን አይደለም።

ስለዚህ የየኮሚኒቲው የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ፊደል ማስቆጠር ብቻ አይሁን። ልጆች ወላጆቻቸው ባሉበት የሚጠይቁበትና ሳይቆጡ የሚናገሩበት አንድ ሰዓት ይመደብለት። የሥራ ሰዓት ለማይመቻቸውም ተራ ገብተን ልጅ እንጠብቅላቸው። ለዕድር በየወሩ ገንዘብ የምናዋጣ ሰዎች በሳምንት ሁለት ሰዓት ማዋጣት አያቅተንም።