የሞላሌን ጅረት ማን ይለካው?



ከመንዝ የመጡ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ከእረፍት ሲመለሱ ስለ ውሃ ሳያነሱ አይውሉም። በልጉ ቀረ፣ ምንጩ ቀነሰ፣ ጅረቱ ድንገት ሞልቶ መሻገሪያ አሳጣ ይሉናል። «ስንት ሴንቲ ሜትር ሞላ? ካቻምናስ ስንት ነበር?» ብለን ስንጠይቅ ግን መልስ የለም። ያየ ብዙ ነው፤ የጻፈ የለም።

ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ከሞላሌ በታች ድልድይ የሚሠራ ወይም ለመስኖ ጅረት የሚጠልፍ መሐንዲስ የሚነሳው ከሃይድሮሎጂ ሞዴል ነው። ሞዴል ማለት ዝናቡን፣ አፈሩንና ተዳፋቱን ይዞ ወንዙ ምን ያህል እንደሚፈስ የሚገምት ስሌት ነው። ግምቱ የሚታረመው ወንዙ በእውነት ካደረገው ጋር ሲተያይ ነው። መለኪያ በሌለበት ግን የሌላ ወንዝ ቁጥር ይዋሳሉ። ቁጥሩ ካነሰ ድልድዩን ጎርፍ ይወስደዋል፤ ከበዛ የድሃ ገንዘብ ይባክናል።

በአገራችን መለኪያ ጣቢያዎች በአብዛኛው የቆሙት መንገድ በሚደርስባቸው ትልልቅ ወንዞች ላይ ነው። ወደ ጀማ ወርደው አባይን የሚቀላቀሉትን ትንንሽ የመንዝ ጅረቶች ሁሉ መንግሥት ብቻውን ይለካቸዋል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። በየቀኑ የሚሻገራቸው ሰው ግን አለ።

ይህ ምኞት ብቻ አይደለም። በአዊ ዞን ዳንግላ ወረዳ፣ ዳንግሽታ ቀበሌ እ.ኤ.አ. በ2014 ነዋሪዎች ራሳቸው ዝናብን፣ የወንዝን ከፍታና የጉድጓድ ውሃን መለካት ጀመሩ። ሥራውን ያስጀመሩት የብሪታንያው ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 ባሳተሙት ጥናት የነዋሪዎቹ መዝገብ ከመደበኛ ጣቢያዎች መረጃ በጥራት እንደማያንስ አሳይተዋል። የሳተላይት የዝናብ ግምት ግን ያን ያህል አስተማማኝ አልነበረም። በራሳችን ሰሜን ሸዋም፣ ደብረ ሲና አካባቢ ባለው አንዲት ጥድ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቁሞ ዝናብና ፍሰት ተመዝግቧል። ዛሬ ብዙ ተማሪ መመረቂያውን የሚሠራው በዚያ መዝገብ ነው።

«አርሶ አደር የለካው ይታመናል ወይ?» የሚሉ አሉ። ስህተት የትም አለ፤ የሚያዝበት መንገድም አለ። ከባድ ዝናብ ዘንቦ ጅረቱ ምንም ካልጨመረ፣ ወይም ለሳምንት ያው ቁጥር ከተደጋገመ መዝገቡ ራሱ ይናገራል። ዋናው ሕግ አንድ ነው፦ ያላዩትን አለመጻፍ። ያልተለካበት ቀን ባዶ ይተው፤ ባዶ መስመር ከፈጠራ ቁጥር ይሻላል። ምስክርነት አማና መሆኑን ለተማርን ለእኛ ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም።

ወሰኑንም እንወቅ። የውሃ ከፍታ ብቻውን መጠንን አይነግርም፤ ለዚያ በተለያየ ወቅት የፍሰቱን ፍጥነትና የጅረቱን ስፋት ለክቶ ከከፍታው ጋር ማዛመድ ያስፈልጋል። ቢሆንም ውሃው መቼ እንደጨመረና መቼ እንደቀነሰ ማወቅ ብቻውን ሞዴሉን ያርማል። በሌሊት መጥቶ የሄደ ጎርፍም ጠዋት ከሚነበበው ያመልጣል፤ ስለዚህ በድንጋዩ ላይ የተወው ምልክት አብሮ ይመዝገብ።

ሐሳባችን ይህ ነው። ከሞላሌ አጠገብ አንድ ጅረት እንምረጥ፤ በሴንቲ ሜትር የተሰመረ መለኪያ እናቁም፤ አንድ የዝናብ መለኪያና አንድ የጉድጓድ ውሃ እንጨምርበት። የውሃ ምህንድስና ተማሪዎቻችን በእረፍት ሄደው ያሠልጥኑ፤ ፍሰቱንም ይለኩ። ለሚለካው ሰው የድካሙ ይከፈለው። መዝገቡ በሁለት ቅጂ ይያዝ፤ አንዱ ከቀበሌው አይውጣ። በየዓመቱ ተመልሰን ቁጥሩ ምን እንዳለ ለነዋሪው በአማርኛ እንንገር። ደብተር ሰብስቦ መጥፋት ከሰው አደራ ተቀብሎ እንደመካድ ነው።

ጅረቱ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል ሁሉንም ያጠጣል፤ መለኪያውም የሁሉም ይሁን። መጪው በልግ ሳይጻፍ እንዳያልፍ ኢንሻአላህ ከአሁኑ እንነሳ።