ሕግን እንወቅ፦ ፖሊስን ማን ይጠይቀዋል?

ሁለት ሰዎች ዱላ ሲማዘዙ ሦስተኛው ሰው «በሕግ አምላክ!» ይላል። ይህን የሰማ ዱላውን ያወርዳል። ይህ ልማድ አገራችን ፖሊስ ሳይኖራት ጀምሮ የነበረ ነው። ሕግ ከጉልበተኛ በላይ ነው ማለት ነው። ፖሊስም መሣሪያ የተሰጠው ሕግ እንዲያስከብር ነው። ስለዚህ «በሕግ አምላክ» ለእርሱም ይሠራል።

ሕጉ ምን ይላል? ሕገ መንግሥቱ የጸደቀው በ1987 ዓ.ም. ነው። አንቀጽ 19 ስለተያዘ ሰው ይናገራል። አንድ ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር በድንበር ተጣልቶ ፖሊስ ያዘው እንበል። ገበሬው እነዚህ መብቶች አሉት።

1. ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ይነገረዋል።

2. አልናገርም ብሎ ዝም ማለት ይችላል።

3. በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ይህ ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት ነው። ለመንገድ የሚያስፈልገው ጊዜ ግን አይቆጠርም።

4. «አድርጌአለሁ» እንዲል አይገደድም። በዱላ የወጣ ቃል ማስረጃ አይሆንም።

48 ሰዓት አልፎ ፍርድ ቤት ባይቀርብስ? ፍርድ ቤት እንዲያስፈታው ማመልከት ይችላል። እርሱ ካልቻለ ሌላ ሰው ያመለክትለታል።

ከሕግ ውጭ የሚያስር ፖሊስም ይከሰሳል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ፣ አንቀጽ 423፣ ቅጣቱ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራትና መቀጮ ነው ይላል። የተያዘን ሰው መደብደብና ማስፈራራትም በአንቀጽ 424 ያስቀጣል።

ነገር ግን ሕግ ስለተጻፈ ብቻ አይከበርም። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ከ48 ሰዓት በላይ ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ የታሰሩና የተደበደቡ ሰዎችን አግኝቶ በሪፖርቶቹ ጽፏል። ታዲያ ምን እናድርግ?

ሲይዙን ከፖሊስ ጋር አንታገል። ክርክሩ በፍርድ ቤት ነው። ቤተ ሰብ ግን እርሳስ ያንሳ። የተያዘበትን ቀንና ሰዓት፣ የጣቢያውንና የፖሊሱን ስም ይጻፍ። የተደበደበ ሰው ቶሎ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ሐኪሙ ያየውን በወረቀት ይስጠው። ማመልከቻ ለፖሊሱ አለቃ፣ ለዐቃቤ ሕግ ወይም ለኮሚሽኑ ይጻፋል። ግልባጩ ቤት ይቀመጥ።

ድሮ ብዙዎቻችን ባላነበብነው ወረቀት ላይ አውራ ጣታችንን እናሳርፍ ነበር። ዛሬ ፊደል ቆጥረናል። የሰጣችሁትን ቃል ሳታነቡ አትፈርሙ። ያላላችሁት ነገር ተጽፎ ካገኛችሁ «ይህን አላልኩም፤ ይታረም» በሉ።

«ፖሊስ ብከስ ነገ ይበቀለኛል» የሚል ሰው አለ። ፍርሃቱ እውነት ነው። ስለዚህ ብቻውን አይሂድ። ሽማግሌዎችና ያዩ ጎረቤቶች አብረውት ይሂዱ፤ ያዩትን ይመስክሩ።

ፖሊስን ጠልተን አንኖርም። ከብታችን ሲሰረቅ የምንጮኸው ወደ እርሱ ነው። ደግ ሠራተኛ የሆነው ፖሊስ ስሙ እንዳይጠፋ፣ አጥፊው መጠየቅ አለበት።

ተወያዩ፦ ከቀበሌያችሁ እስከ ፍርድ ቤት ስንት ሰዓት ያስኬዳል? ጎረቤታችሁ ቢታሰር ማን ይጽፍለታል?