የጎመን ችግኝ ስለሚዛወርበት ጊዜ

ያገር ሹም ሕዝቡ በጓሮው አትክልት እንዲተክል ማዘዙ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ነገር ግን ትእዛዙ ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለ ችግኙ ቍጥር እንጂ ስለሚተከልበት ሰዓት አይደለም። የዕደላው ቀን የሚቈረጠው ለእንግዶች በሚመች ረፋድ ስለ ሆነ፥ በማለዳ ከመደብ የተነቀለው የጥቅል ጎመን ችግኝ ንግግሩ እስኪያልቅ ድረስ ሥሩ ተገልጦ ፀሐይ ላይ ይቈያል። ንግግርም ለችግኝ ውሃ አይሆነውም። ገበሬው በቀትር ተቀብሎ ተክሎት በሳምንቱ ደርቆ ሲገኝ፥ ጥፋቱ በገበሬው ስንፍና ይመካኛል። ይህ ፍርድ የቀና አይደለም።

ችግኝ ሲነቀል ውሃ የሚስቡለት ጥቃቅን ሥሮች ይበጠሳሉ፤ ቅጠሉ ግን እንደ ቀድሞው ውሃውን ማትነኑን አይተውም። አዲስ ሥር እስኪያወጣ ድረስ ያሉት ጥቂት ቀኖች የሞትና የሕይወት ቀኖች ናቸው። ስለዚህ ከመንቀሉ በፊት መደቡን አጥግቦ ማጠጣት፥ ችግኙን ሳይጐትቱ ከነአፈሩ ፈንቅሎ ማውጣት፥ በእርጥብ ጆንያ ሸፍኖ ማጓጓዝ፥ ፀሐይ ከበረደ በኋላ ወይም ደመና በሆነ ቀን መትከል ይገባል። ሲተከልም እስከ ታችኞቹ ቅጠሎች ግርጌ ጠለቅ ይበል፤ በመካከል ያለው ለጋ ጫፍ ግን አይቀበር። አፈሩም በሥሩ ዙሪያ በእጅ ተጭኖ ወዲያው ውሃ ይጠጣ።

ዕድሜው ከ4 እስከ 6 ሳምንት፥ ቅጠሉም 4 ወይም 5 ሲሆን መዛወር ይገባዋል። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ውሃውን ቀነስ፥ ጥላውን ገለጥ ማድረግ ያጠነክረዋል። ቀጠሮ ሲጠበቅ መደብ ላይ ያረጀ ችግኝ ቢጸድቅ እንኳ ጥቅሉ ያንሳል፤ የአበባ ጎመንማ ይህን ከቶ አይታገሥም። ዘሩን በአንድ ቀን ሁሉ ከመዝራት ይልቅ በየ2 ሳምንቱ ከፍሎ መዝራት ከዚህ ያድናል።

የሚተከልበትም ስፍራ ይመረመር። ናጋሃሩ ኡ የተባለው ሊቅ በ1935 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፥ የሐበሻ ጎመን ከጥቍር ሰናፍጭና ከጥቅል ጎመን ወገን መዳቀል የተገኘ መሆኑን አስረድቷል። ዘመዳሞች እንደ መሆናቸው ብዙ በሽታ ይጋራሉና፥ አምና የሐበሻ ጎመን በነበረበት ጓሮ ዘንድሮ ጥቅል ጎመን መትከል አይገባም። በተለይ ሥር የሚያሳብጠው በሽታ ኮምጣጣ አፈር ይስማማዋል፤ በአፈር ውስጥም ለብዙ ዓመት ይቈያል፤ በችግኝ ሥር ከተጣበቀው አፈር ጋርም ይጓዛል። እንግዲህ የአንድ ወረዳ ችግኝ ሁሉ ከአንድ መደብ ሲወጣ፥ መደቡ ከታመመ ወረዳው በሙሉ መታመሙ ነው። ውሃ በደጁ ያለው ባለ ይዞታ የራሱን መደብ ቢያበጅ ከሩቅ ከሚመጣው ይሻለዋል።

የዕደላውን ቀን ችግኙን የሚጠብቀው አትክልተኛ ይወስን፤ ሹሙም ሰዓቱን ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ያድርገው። በሪፖርቱም ላይ የታደለው ብቻ ሳይሆን ከ3 ሳምንት በኋላ ጸድቆ የተገኘው ችግኝ ተቈጥሮ ይጻፍ።