ዝምታ ለማን ይጠቅማል?

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» እየተባልን አድገናል። ታላላቆቻችን ይህን የሚነግሩን ልጅ ሥርዓት እንዲያውቅ በማሰብ ስለሆነ ምክራቸውን አልነቅፍም። ዳሩ ግን ዝምታ የሚጎዳበትም ጊዜ አለ። ይኸውም ክፉ ሰዎች በኢንተርኔት አማካይነት በሕፃናትና በወጣቶች ላይ የሚፈጽሙት ወሲባዊ ጥቃት ሲያጋጥም ነው።

ለምሳሌ ያህል የማውቀው አንድ ልጅ የደረሰበትን ላቅርብ። ስሙንና የሚማርበትን ስፍራ መግለጽ አያስፈልግም፤ ታሪኩን እንድጽፍ ግን ፈቅዶልኛል። ልጁን በፌስቡክ አንዲት ልጃገረድ ተዋወቀችው። ስለ ትምህርትና ስለ እግር ኳስ ሲጨዋወቱ ከሰነበቱ በኋላ «በቴሌግራም ለብቻችን እንጫወት» አለችው። ቀጥሎም የራሷ ነው ያለችውን ፎቶግራፍ ልካ፥ እርሱም ራቁቱን ተነሥቶ እንዲልክላት ለመነችው። ተታሎም ላከ። በዚያው ሌሊት ልጃገረድ መስሎ የቀረበው ሰው «ገንዘብ ካልላክህ ለዘመዶችህ ሁሉ እበትነዋለሁ» ሲል ዛተበት፤ የወዳጆቹንም ስም እየዘረዘረ አሳየው። ልጁ ተበድሮ ላከ፤ በማግሥቱ ግን ሌላ ተጠየቀ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጣ፤ ትምህርቱም ተበላሸ፤ ሞቱንም እስከ መመኘት ደረሰ። ለምን ለአባቱ እንዳልነገረ ብጠይቀው «ከሰውዬው ይልቅ አባቴን ፈራሁ» አለኝ።

ውድ ወላጆች ሆይ፥ ይህችን ቃል አስተውሉልን። ያ ሰው በር ሰብሮ አልገባም፤ ጉልበት የሆነው የልጁ ፍርሃት ነው። ልጁ በመጨረሻ ለአክስቱ በነገራቸው ጊዜ ግን አልጮኹበትም፤ «ጥፋተኛው አንተ አይደለህም፤ እርሱ ነው» ብለው አጠገቡ ተቀመጡ። መልእክቶቹን ሳያጠፉ ለማስረጃ አስቀመጡ፤ ገንዘብ መላኩን አቆሙ፤ ሰውዬውን አግደው ወደ ፖሊስ አብረው ሄዱ። አባቱም በኋላ ሰምተው «ምነው ያን ጊዜ ብትነግረኝ!» ብለው አለቀሱ።

አንዳንድ ሰዎች «መድኃኒቱ ስልኩን መንጠቅ ነው» ይላሉ። ለትንንሾቹ ልጆች መቆጣጠር የሚገባ መሆኑን እኔም አምናለሁ። ይሁን እንጂ ስልኬን እነጠቃለሁ ብሎ የሚፈራ ልጅ ችግሩን ይደብቃል እንጂ ከችግሩ አይርቅም። ዩኒሴፍ፥ ኤክፓትና ኢንተርፖል ስለ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጡት ጥናትም ጥቃት ከደረሰባቸው ልጆች ውስጥ ወደ ፖሊስ የሚያመለክቱት እጅግ ጥቂቶች መሆናቸውን ያመለክታል።

ሕግ ስለሌለን አይደለም። አገራችን እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ34ኛው አንቀጹ መንግሥታት ልጆችን ከወሲባዊ ብዝበዛ ሁሉ እንዲጠብቁ ያዛል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958ም በ12ኛው አንቀጹ፥ እንዲህ ባለ መልእክት ልጅን የሚያባብለውን፥ የሕፃናትን የወሲብ ምስል የሚያዘጋጀውን፥ የሚያሰራጨውንና ይዞ የሚገኘውን እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ነገር ግን ያልተነገረውን ዳኛ አይፈርድበትም።

የተላከ ፎቶግራፍ ጨርሶ መመለሻ የለውም ብሎ ተስፋ መቁረጥም አይገባም። በአሜሪካ የሚገኘው የጠፉና የተበዘበዙ ሕፃናት ብሔራዊ ማዕከል «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል ነፃ አገልግሎት አለው። ዕድሜው 18 ዓመት ሳይሞላ የተነሣው ምስል ከስልኩ ሳይወጣ፥ እንደ ጣት አሻራ ያለ መለያ ብቻ ተወስዶ እንደ ፌስቡክ፥ ኢንስታግራምና ቲክቶክ ላሉት ድርጅቶች ይተላለፋል፤ እነርሱም ምስሉን ፈልገው ለማንሣት ይረዳቸዋል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች፥ እኛም ከወቀሳ ነፃ አይደለንም። የአንዲት ልጅ ፎቶግራፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ስቀን ያሳለፍን ስንቶቻችን ነን? ያ ሳቅ የወንጀለኛውን ሥራ ይፈጽምለታል። እንዲህ ያለ ነገር ቢደርሰን ለማንም ሳናስተላልፍ ለምናምነው መምህር እንናገር፤ የተጎዳውንም ጓደኛችንን ከመጠቋቆም ይልቅ አጠገቡ እንቀመጥ።

ወላጆችም ዛሬ ማታ ከራት በኋላ ልጆቻቸውን ጠርተው «ምንም ዓይነት ጥፋት ብትሠሩ፥ በመጀመሪያ ለእኔ ንገሩኝ፤ አልቆጣም» ቢሉልን ከማናቸውም ቁልፍ ይበልጥ ይጠብቀናል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉትም እነዚያው አባቶቻችን ናቸውና ይህኛውን ምክራቸውን በየቤታችን እንድንሠራበት እለምናለሁ።