ጨዋታው ሳይቆም ሥራው ሲቆም

ኑሮ ሲጠብ ሰው ከልብሱም ከጉዞውም ይቀንሳል እንጂ ጨዋታን እርግፍ አድርጎ አይተውም። እንዲያውም ሐሳብ የበዛበት ሰው ጨዋታ ያምረዋል። በዚህም የተነሣ የቪዲዮ ጨዋታ ንግድ ክፉ ቀን የማይነካው ንግድ ነው የሚል አነጋገር ለብዙ ጊዜ ሲነገር ቆይቷል። አነጋገሩ ግማሹ እውነት ቢሆንም ግማሹ ሰው የሚያሳስት ነውና፣ በዛሬው ዓምዳችን ጥቂት እንመርምረው።

ምርመራውም ያለ ምክንያት አይደለም። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሚማሩ ልጆች፣ ስልክ በእጃቸው የገባላቸው ሁሉ፣ «ጨዋታ መሥራት እንጀራ ይሆናል ወይ?» ብለው መጠየቅ ጀምረዋል። ይህ የሚሣቅበት ጥያቄ አይደለም። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. ከመቶ 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 3.2 ብቻ ነበሩ። በሩ እንዲህ ሲጠብ ልጅ መስኮት ይፈልጋል። መስኮቱ ወዴት እንደሚያወጣ አይቶ መንገር ደግሞ የመምህር ግዴታ ነው።

እንግዲህ ከሰፊው ዓለም እንጀምር። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያልተጻፈበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) በ2023 የዓለም ሕዝብ ለቪዲዮ ጨዋታ ያወጣው ገንዘብ ከ180 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ሆኖም በዚያው ዓመት ከ10 ሺህ የማያንሱ የጨዋታ ሠራተኞች ከሥራ ተሰናበቱ። በ2024 ቁጥሩ ከዚያም በለጠ። ማይክሮሶፍት አክቲቪዥን ብሊዛርድን በ69 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከገዛ ሦስት ወር ያህል ቆይቶ፣ ከጨዋታ ክፍሉ 1,900 ሠራተኞችን አሰናበተ። ጨዋታ መሥሪያ ፕሮግራም የሚያቀርበው ዩኒቲም 1,800 ሰው፣ ማለት ከሠራተኞቹ ሩቡን፣ ቀነሰ። ሶኒ 900 አስወጣ።

ተጫዋቹ ሳይሄድ ሠሪው ለምን ተባረረ? ነገሩ ለእኛ አገር ሰው ከባድ አይደለም። ባሕር ዛፍ የተከለ ገበሬ ለሽያጭ እስኪደርስለት ዓመታት ይጠብቃል፤ እስከዚያ የሚበላውን ከሌላ ያመጣል። ትልቅ የቪዲዮ ጨዋታም ለመሠራት ሦስት፣ አራት፣ አምስት ዓመት ይፈጃል። በመቶ የሚቆጠሩ ሠራተኞች አንድ ቅጂ ሳይሸጥ በየወሩ ደመወዝ ይቀበላሉ። ደመወዙ የሚመጣው ነገ እናተርፋለን ብለው ገንዘባቸውን ከሚያውሉ ባለ ሀብቶች ነው።

በ2020 በኮሮና ምክንያት ሰው በየቤቱ ሲዘጋ ጨዋታ ደራ። ወለድም ዝቅተኛ ስለ ነበር ድርጅቶቹ ሠራተኛ አበዙ። በኋላ ሰው ከቤቱ ወጣ። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክም በ2022 መጀመሪያ ዜሮ ገደማ የነበረውን ወለድ በ2023 ከመቶ 5 በላይ አደረሰው። ያን ጊዜ ባለ ገንዘቡ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ለሚደርስ ዛፍ ገንዘቤን ከማፈስ ባንክ ባስቀምጠው ይሻለኛል አለ። ስለዚህ በክፉ ቀን መጀመሪያ የሚደርቀው የተጫዋቹ ኪስ ሳይሆን የሠሪው ደመወዝ ነው።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በ1982 የአሜሪካው አታሪ «ኢ.ቲ.» በሚባለው ፊልም ስም የተሰየመ ጨዋታ ለገና ገበያ እንዲደርስ አዘዘ። ሐዋርድ ስኮት ዋርሻው የተባለው ሠሪ በአምስት ሳምንት ገደማ ጨረሰው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ብዙው የጨዋታው ቅጂ ሳይሸጥ ቀረ። ገበያው አስቀድሞ በማይረቡ ጨዋታዎች ተጥለቅልቆ ነበርና በ1983 በአሜሪካ ንግዱ ወደቀ፤ አታሪም በዚያ ዓመት ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። ያልተሸጡት ቅጂዎች በኒው ሜክሲኮ በአላሞጎርዶ ቆሻሻ መጣያ ተቀበሩ። በ2014 ቆፍረው አወጧቸው። ዋርሻው ግን አልተቀበረም፤ ከጨዋታ ሥራ ወጥቶ በመጨረሻ የሥነ ልቦና ሐኪም ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። መልካም ሥራም ቢሆን ሠሪውን ሁልጊዜ አያድነውም። «ሃይ-ፋይ ራሽ» የተባለው የጃፓን ጨዋታ በ2024 የብሪታንያን የባፍታ ሽልማት ባገኘ በወሩ፣ ባለቤቱ ማይክሮሶፍት ጨዋታውን የሠራውን ታንጎ ጌምዎርክስን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ከጥቂት ወራት በኋላ ክራፍተን የተባለ የኮሪያ ድርጅት ባይረከበው ኖሮ ቡድኑ ተበትኖ ይቀር ነበር። እንደዚህ ባለ ጊዜ ይበልጥ የሚጎዳው ጀማሪው ነው። ልምድ ያለው ሰው ከሥራ ወጥቶ ለጀማሪ በታሰበው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ከትምህርት ቤት የወጣው ልጅ ደጅ ላይ ይቆያል።

ማሰናበት ብቻውን መድኃኒት ነው ማለት ግን አይደለም። በ2014 የኒንቴንዶ ገበያ ሲቀዘቅዝ ፕሬዚዳንቱ ሳቶሩ ኢዋታ የራሱን ደመወዝ ለአምስት ወር በግማሽ ቀነሰ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ ነገ እባረር ይሆን እያለ የሚሠጋ ሠራተኛ ሰውን የሚያስደስት ጨዋታ ሊሠራ አይችልም የሚል አሳብ ገልጦ ነበር። ድርጅቱ በ1889 በኪዮቶ የካርታ መጫወቻ በመሥራት የተቋቋመ ነውና ብዙ ክፉ ቀን አሳልፏል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ችግሩ መልኩን ይለውጣል። በእኛ ዘንድ የሚያስፈራው ከሥራ መባረር ሳይሆን መጀመሪያውኑ ሥራው አለመኖሩ ነው። ሆኖም ጀማሪዎች አሉ። በአዲስ አበባ ዳዊት አብርሃም ያቋቋመው ቅኔ ጌምስ፣ አንዲት ዶሮ ከአሳዳጅዋ የምትሸሽበትን «ኩኩሉ»ን፣ ቀጥሎም «ገበጣ»ን ለስልክ ሠርቷል። በ2022 ከሌሎች የአፍሪካ ጨዋታ ሠሪዎች ጋር በአንድ ማኅበር ተባብሯል። አንድ አንድ ሆነው ባለ ገንዘብ የማያያቸው ድርጅቶች ቢተባበሩ ማለፊያ ነው።

ደግሞ የብሩ ነገር አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ይህ ነገር ጨዋታ ሠሪዎችን በሁለት ይከፍላቸዋል። ሥራውን ለውጭ ሸጦ ዶላር የሚያገኘው ያው ዶላር ብዙ ብር ሆኖለታል። በብር እያገኘ ኮምፒዩተር የሚገዛው ግን ዕቃው እጥፍ ሆኖበታል። በወረዳ ከተማ ጌም ቤት የከፈተ ወጣትም ከሁለተኛው ወገን ነው። ቴሌቪዥኑ፣ አሮጌው ፕሌይስቴሽንና የሚሰበረው ጆይስቲክ ሁሉም በዶላር የመጡ ናቸው፤ ደንበኛው ግን ከእናቱ ጥቂት ብር ለምኖ የሚመጣ ተማሪ ነው። ዋጋ ቢጨምር ልጁ ይቀራል፤ ባይጨምር ዕቃው አይተካም።

ይህ ሁሉ ሳይበቃ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በኢንተርኔት ተምሮ በኢንተርኔት ሊሠራ ያሰበ የነፋስ መውጫ ወይም የወገዳ ልጅ ያን ሁሉ ጊዜ ምን ይሁን? የሥራውን ዕድል በዶላርና በወለድ ብቻ የሚለካ ሰው ይህን መርሳት የለበትም።

ታዲያ ለተማሪዎቻችን ምን እንበላቸው? «ተዉት» ማለት አይገባም፤ «ሁሉን ጥላችሁ ግቡበት» ማለትም አይገባም። በጉና ግርጌ ያለ ገበሬ ዝናቡን ስለማያምን ዘሩን ሁሉ በአንድ ማሳ አይጨርስም። የሥራ ምርጫም እንደዚሁ ነው። ጨዋታ ለመሥራት ሒሳብ፣ ሥዕል፣ ፕሮግራም መጻፍ፣ ቋንቋና ተረት ማዋቀር ያስፈልጋሉ። እነዚህ ዕውቀቶች በባንክም፣ በትምህርት ቤትም፣ በማተሚያ ቤትም ያገለግላሉ። «የጨዋታ ሠሪ እሆናለሁ» የሚል ልጅ እነዚህን በደንብ ከያዘ፣ ገበያው ሲደራ ይገባል፣ ሲቀዘቅዝ በሌላ በር ይወጣል። አንድ ፕሮግራም መነካካት ብቻ የለመደ ግን የፕሮግራሙ ባለቤት ሲያስነጥስ እርሱ ይታመማል።

ለመጀመርም ኮምፒዩተር መጠበቅ አያስፈልግም። እረኞቻችን መሬት ቆፍረው በጠጠር የሚጫወቱት ገበጣ ሒሳብ ያለበት ጨዋታ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ባሳተመው ጥናት የኢትዮጵያንና የአካባቢዋን አገሮች የገበጣ ዓይነቶች አንድ በአንድ ሰብስቦ ጽፏል። የአካባቢያችን ተማሪዎችም በየመንደራቸው ያለውን አጨዋወት ከአያቶቻቸው ጠይቀው፣ ስንት ጉድጓድ፣ ስንት ጠጠር፣ ማን እንደሚጀምር፣ መቼ እንደሚበላ፣ አይቶት የማያውቅ ሰው አንብቦ ሊጫወት እስኪችል ድረስ ይጻፉት። ይህ ራሱ የጨዋታ ሠሪ የመጀመሪያ ሥራ ነው፤ መብራት ቢጠፋም አይቋረጥም፣ ዶላርም አይጠይቅም። ለጨዋታ ሲባል የተማሩት ሒሳብ ደግሞ፣ ጨዋታው ቢከስር አብሮ አይከስርም።